መልስ፦ አቼቶ የሚሸት የ16 ሚሜ ፊልም በኤችዲ ይመለሳል?

ሰላም፣ ሀዋሳ ያገኘሁት የ16 ሚሜ የድሮ ታሪካዊ ፊልም ሮዝ ሆኗል፣ አቼቶ አቼቶም ይሸታል፣ በኤችዲ ይመለሳል ወይ ላልከው፦ ይመለሳል፣ ግን ፕሮጀክተር ላይ እንዳትጭነው። ሽታው አሲድ ነው። የፊልሙ አሴቴት (ምስሉ ያረፈበት ፕላስቲክ) እየፈረሰ ነው፣ የሀዋሳ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። ከሌሎቹ ሪሎች (የፊልም ጥቅሎች) ለየው፣ መፍረሱ ይተላለፋል።

መጀመሪያ ምን ያህል እንደተኮማተረ ለካ። የ100 ፍሬም ርዝመት 76.2 ሴሜ መሆን አለበት። 7 ወይም 8 ሚሜ ካጠረ 1 በመቶ ገደማ ሄዷል፤ ቀዳዳዎቹ ከማሽኑ ጥርስ ጋር ስለማይገጥሙ ይቀደዳል። ያኔ በሮለር ብቻ የሚስብ፣ ጥርስ የሌለው ስካነር ፈልግ። ለ16 ሚሜ ኮፒ 2ኬ (ወርዱ 2,000 ፒክሰል ገደማ) ይበቃል፤ 4ኬ ብለው ቢያስከፍሉህ በአብዛኛው የምታተርፈው ጥርት ያለ ግሬይን (የፊልሙ ደቃቅ ነጠብጣብ) ነው።

ሮዝ የሆነው የሳያን ቀለሙ (ቀዩን ብርሃን የሚገታው ሰማያዊ አረንጓዴ) ስለደበዘዘ ነው፤ የሚታረመው በዋናነት ቀዩ ቻናል ነው። ፋይሉን ቢያንስ በ10 ቢት ተቀበል (ቢቱ ሲበዛ የቀለም ደረጃው ይበዛል)። በ8 ቢት የደከመውን ቀለም ስትጎትት ሰማዩ ላይ መስመር መስመር ይወጣል። ግሬይኑን በሶፍትዌር ጠራርገህ አትጨርሰው፣ የተዋናዮቹ ፊት ሰም ይመስላል። ሰዎቹ ቀጭንና ረጃጅም ሆነው ከታዩ አናሞርፊክ (ሲቀረጽ ምስሉ ወደ ጎን የተጨመቀ) ነው፦ ወርዱን በ2 አባዛ፣ ከላይና ከታች የሚመጣውን ጥቁር ተወው።