መቀዝቀዝ የነበረበት ውሃ ስክራች ላይ ለምን ሞቀ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስክራችን፣ ማለትም ብሎኮችን በመገጣጠም ፕሮግራም የሚሰራበትን ሶፍትዌር፣ በራሴ እየተማርኩ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት ማንቀሳቀስና ቀላል ጨዋታ መስራት ችያለሁ። አሁን ደግሞ ሙቅ ውሃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ የሚያሳይ ሞዴል ጀመርኩ። ውሃው 90 ዲግሪ፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ነው። ውሃው ከክፍሉ የሚበልጥበትን ልዩነት 10 በመቶ በየደቂቃው እንዲያጣ ነበር ያሰብኩት። ግን ከአንድ ደቂቃ በኋላ 101፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ 161.65 ይለኛል። ፕሮግራሙን የሚያስነሳውን አረንጓዴ ባንዲራ ደግሜ ስጫነው ጭራሽ 186.63 ሆነ። ስክራች ስሌት አይችልም ማለት ነው?

መልስ፦ በደንብ ይችላል። ያንቺም ሐሳብ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የብሎኮቹ አቀማመጥ ነው። ቁጥሮቹን መላክሽ በጣም ጠቅሞኛል። «አልሰራ አለኝ» ብቻ ብትዪኝ ኖሮ ከየት እንደምጀምር ይቸግረኝ ነበር።

እስቲ 101ን እንያት። ውሃው በአንድ ደቂቃ 11 ዲግሪ ጨመረ። ይህች 11 ከየት መጣች? የ90 አስር በመቶ 9 ነው። ከ9 ላይ 20 ሲቀነስ −11 ይሆናል። ፕሮግራምሽ ይህን −11 የጠፋ ሙቀት ነው ብሎ ከ90 ላይ ቀነሰው። ኔጌቲቭ ቁጥር መቀነስ ደግሞ መደመር ነው። በቃ፣ ስህተቱ ተገኘ። ብሎክሽ መጀመሪያ ሙቀቱን በ0.1 ያባዛል፣ ከዚያ 20 ይቀንሳል። አንቺ የፈለግሽው ግን መጀመሪያ 20 ተቀንሶ፣ የቀረው በ0.1 እንዲባዛ ነው። እንዲያው ብትተዪው ኖሮ ውሃሽ ወደ 200 ዲግሪ እየተጠጋ ይሄድ ነበር። የ200 አስር በመቶ ልክ 20 ስለሆነ ለውጡ ዜሮ የሚሆነው እዚያ ነው።

ወረቀት ላይ ማባዛት ከመቀነስ ይቀድማል፤ ቅደም ተከተሉን መቀየር ስንፈልግ ቅንፍ እናደርጋለን። ስክራች ውስጥ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። የሚወስነው የትኛው ብሎክ በየትኛው ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ውስጥ ያለው ቀድሞ ይሰላል። ጀማሪዎች ስሌት ላይ ሲሳሳቱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

አሁን እናስተካክለው። ስክራችን በየትኛው ቋንቋ እንደከፈትሽው ስለማላውቅ (በአማርኛም ይከፈታል) ብሎኮቹን በቀለማቸው ልጥራቸው። ከአረንጓዴዎቹ መካከል የመቀነሻውን ብሎክ ባዶ ቦታ ላይ አውጪ። በግራ ክፍተቱ ብርቱካናማውን «ሙቀት» የሚለውን ተለዋዋጭ (የሙቀቱን ቁጥር የሚይዘውን ብሎክ) አስገቢ፣ በቀኙ 20 ጻፊ። ከዚያ የማባዣውን ብሎክ አውጪ። በግራው 0.1 ጻፊ፣ በቀኙ ደግሞ ያንን የመቀነሻ ብሎክ እንዳለ አስገቢው። ስትጎትቺ ቀስ በዪ። ብሎኩን ከመልቀቅሽ በፊት የሚቀበለው ክፍተት ዙሪያውን ነጭ ሆኖ ይታያል። ያላሰብሽው ክፍተት ከበራ አትልቀቂው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። እነዚህን ክብ ጫፍ ያላቸውን ብሎኮች ፕሮግራሙን ሳታስነሺ በቀጥታ ጠቅ ብታደርጊያቸው መልሳቸውን ያሳዩሻል። ሙቀትን 90 አድርጊና የመቀነሻውን ብሎክ ለብቻው ሳለ ጠቅ አድርጊው። 70 ማለት አለበት። ማባዣው ውስጥ ካስገባሽው በኋላ ደግሞ የማባዣውን ጠርዝ ጠቅ አድርጊ። 7 ማለት አለበት። ረጅም ስሌት ስትሰሪ እንዲህ ከውስጥ ወደ ውጭ እየፈተሽሽ ሂጂ።

ባንዲራውን ስትደግሚው ቁጥሩ የተለወጠው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ተለዋዋጭ የመጨረሻ ዋጋውን እንደያዘ ይቆያል። ባንዲራው አያጠፋውም፤ ፕሮጀክቱን አስቀምጠሽ ነገ ብትከፍቺውም ያው ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ከ90 ሳይሆን ከ161.65 ነው የተነሳው። የመነሻ ዋጋዎቹን ሁልጊዜ ከባንዲራው ስር፣ ከመድገሚያው ብሎክ በላይ አስቀምጪ። መድገሚያው ውስጥ ካስገባሻቸው ግን ውሃሽ በየዙሩ ወደ 90 ስለሚመለስ 83 ላይ ተቸንክሮ ይቀራል።

ሙሉው ይህን ይመስላል፦

ባንዲራው ሲጫን
ሙቀት = 90
ደቂቃ = 0
10 ጊዜ ድገም፦
— ሙቀት = ሙቀት − (0.1 × (ሙቀት − 20))
— ደቂቃን በ1 ጨምር

ከማስነሳትሽ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች በእጅሽ አስዪ፦ 83፣ 76.7፣ 71.03። ስክራችም እነዚህኑ ካለ ቀጥዪ። በ10ኛው ደቂቃ 44.41 ታገኛለሽ። ይህን ማጣሪያ እባክሽ አትዝለዪው። ያንቺ ስህተት ውሃውን ስላሞቀው ወዲያው ታወቀ እንጂ፣ ለእውነት የሚቀርብ የተሳሳተ ቁጥር ቢወጣ ኖሮ አምነሽው ታልፊ ነበር።

ምናልባት ክፍሉን ያህል እስኪቀዘቅዝ ልድገመው ትዪ ይሆናል። ያን ጊዜ «ሙቀት = 20 እስኪሆን» አትበዪ። ልዩነቱ በየጊዜው እያነሰ ይሄዳል እንጂ በስሌቱ ዜሮ አይገባም። «ሙቀት < 21 እስኪሆን» በዪው፣ በ41ኛው ደቂቃ ይቆማል።

ግራፍ መሳልም ቀላል ነው። ከታች በግራ ባለው ቁልፍ የብዕር ብሎኮችን ጨምሪ። የስክራች መድረክ 480 በ360 ነው፣ መሃሉ ዜሮ ነው። ኤክስን −200 + (40 × ደቂቃ) አድርጊው፤ ዋይ ራሱ ሙቀቱ ይሁን። መጀመሪያ የድሮውን ስዕል አጥፊ፣ ብዕሩን አንሺ፣ ወደ መነሻው ነጥብ ሂጂ፣ ከዚያ ብዕሩን አውርጂ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አላስፈላጊ መስመር መድረኩን አቋርጦ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው እኔን በጣም ደስ የሚለኝ። 0.1ን 0.05 አድርጊው፣ ድግግሞሹን 20፣ የደቂቃውን ጭማሪ 0.5። ያው 10 ደቂቃ ነው፣ መልሱ ግን 45.09 ይሆናል። እርምጃውን (በአንድ ዙር የሚያልፈውን ጊዜ) ይበልጥ ስታሳጥሪው ወደ 45.75 እየተጠጋ ይሄዳል። ለምን መሰለሽ? እውነተኛ ውሃ ደቂቃ እስኪሞላ ጠብቆ አይቀዘቅዝም፤ በየቅጽበቱ ነው የሚቀዘቅዘው። የኒውተን የመቀዝቀዝ ሕግም የመቀዝቀዝ ፍጥነቱ በዚያች ቅጽበት ካለው ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው ይላል። የአንድ ደቂቃ እርምጃሽ ግን በደቂቃው መጀመሪያ የነበረውን ልዩነት እስከ መጨረሻው ይዞ ስለሚያሰላ ውሃውን ትንሽ አብልጦ ያቀዘቅዘዋል። ሞዴል ስትሰሪ እርምጃውን በግማሽ ቀንሰሽ መልሱ ምን ያህል እንደተለወጠ እዪ። ለውጡ ትንሽ ከሆነ እርምጃሽ በቂ ነው።

ቴርሞሜትር ካገኘሽ እውነተኛ ሙቅ ውሃ በየ5 ደቂቃው ለክተሽ ቁጥሮቹን ስክራች ዝርዝር ውስጥ አስገቢ። የክፍሉንም ሙቀት ለኪ፤ 20 ነው ብለሽ አትገምቺ። ከዚያ የለካሽው ነጥብና የሞዴሉ መስመር እስኪገጥሙ ድረስ 0.1ን ከፍ ዝቅ አድርጊ። ክዳን ባለው ዕቃና ክዳን በሌለው ሞክሪውና ሁለቱ ቁጥሮች ስንት ስንት እንደሆኑ ጻፊልኝ።