ኩላሊት የሚጎዳው ክኒኑ ነው ወይስ ግፊቱ?

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሴት ነኝ። ለደም ግፊት መጀመሪያ የታዘዘልኝ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ስላመጣብኝ በአምሎዲፒን 10 ሚሊግራም ተተካልኝ፤ አሁን ደግሞ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል። ታላቅ ወንድሜ ለዓመታት የግፊት ክኒን ሲውጥ ኖሮ ዛሬ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ካቆምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ በመካከሉ የጎረቤቴን ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ሞክሬያለሁ። ትናንት ስለካ 172/104 ነበር። ከሦስቱ የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ሦስት መድኃኒቶች ቢሆንም ያስጨነቀዎት የወንድምዎ ነገር ይመስለኛልና ከዚያ ልጀምር። እጥበት ላይ ካሉ ሕሙማን ብዙዎቹ የግፊት ክኒን ሲወስዱ የቆዩ መሆናቸው እውነት ነው፤ ይሁንና ጥፋቱን በክኒኑ ማላከክ፣ ጎርፍ በገባበት ቤት ሁሉ ባልዲ ስለሚገኝ ጎርፉን ያመጣው ባልዲው ነው እንደ ማለት ነው። ኩላሊት ደምን የሚያጣራው እጅግ በቀጠኑ የደም ሥሮች ሲሆን፣ ከፍ ያለ ግፊት እነዚህን ሥሮች ምንም ሕመም ሳያሰማ ለዓመታት እያደደረና እያጠበበ ይጎዳቸዋል። እንዲያውም ኢናላፕሪልና ሎሳርታን የተባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት፣ የስኳር ሕመም ኖሮበት በሽንቱ ፕሮቲን ለሚወጣ ሰው፣ ኩላሊቱን ለመጠበቅ ተብለው የሚታዘዙ ናቸው። ሲጀመሩ ክሬአቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚያሳይ የደም ምርመራ ልክ) በመጠኑ ከፍ ሊል ስለሚችል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ከፖታሲየም ጋር እንዲለካ እናዛለን፤ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን አያስቆምም። ኩላሊትን የሚፈታተን ክኒን ከፈለጉ፣ ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ አለልዎት፤ እሱ ግፊትንም ይጨምራል፤ ግን ማንም ሲፈራው አላየሁም።

ሦስት ሳምንት ያለ መድኃኒት መቆየትዎንና በሰው ክኒን መሞከርዎን ግን በዝምታ አላልፈውም። ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ፖታሲየምንና ሶዲየምን ሊያወርድ፣ ሪህንም ሊቀሰቅስ ስለሚችል ያለ ምርመራ ከጎረቤት የሚቀበሉት ነገር አይደለም።

ወደ ንጽጽሩ ስንመጣ፣ በ2019 የታተመና ከሰሃራ በታች ባሉ ስድስት አገሮች 728 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ሁለት ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ ሲያነጻጽር አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምረቶች ግፊትን በተሻለ እንደሚያወርዱ አሳይቷል። ስለዚህ አምሎዲፒንን ለመጣል አይቸኩሉ። የቁርጭምጭሚት እብጠት በመጠኑ ልክ የሚመጣ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ ሐኪምዎ ሌላ ምክንያት አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ወደ 5 ሚሊግራም ዝቅ አድርገው ሎሳርታን ሊጨምሩልዎ ይችላሉ፤ ሎሳርታን እንደ ኢናላፕሪል አያስልም፣ እብጠቱንም ይቀንሳል። ሁለት መድኃኒት መታዘዙ በሽታው ባሰ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው በአንድ ክኒን ብቻ ግፊቱ አይወርድለትም።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ በቤትዎ ያሉትን ክኒኖች በሙሉ፣ የጎረቤትዎንም ጭምር፣ ከነማሸጊያቸው ይዘው ይቅረቡ። ከዚያ በፊት ደረትዎን ካመመዎት፣ ዓይንዎ ከደበዘዘ፣ አፍዎ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎንዎ ከዛለ ግን ነገን አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።