«ኦርጋን» ስለሚለው ቃል ጠይቁኝ

የዛሬው ቃል የእንግሊዝኛው «ኦርጋን» ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ድምፃቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ቃላትን አታዛምዱ።

ሚሚ፦ መምህር፣ ልብም ኦርጋን፣ ቸርች የሚመታውም ኦርጋን። ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ሥሩ የግሪኩ «ኦርጋኖን» ነው፤ መሣሪያ ማለት ነው። አርስቶትል ቃሉን ለሰውነት ክፍሎችም ተጠቀመበት። ዓይን የማየት መሣሪያ ነው። እጅን ደግሞ «የመሣሪያዎች መሣሪያ» ይለዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የአሌክሳንድሪያው ክቴሲቢዮስ የውኃ ኦርጋን ሠራ። ድምፁ የሚወጣው ከአየሩ ነው፤ ወደ ቧንቧዎቹ የሚገባው አየር ግፊቱ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው ውኃው ነው። ቃሉ በላቲን በኩል እንግሊዝኛ ሲገባ የሙዚቃው ትርጉም ቀደመ፣ የአካሉ ተከተለ።

ኬቢ፦ «ኦሪጅናል»ም ከዚሁ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ማሳሰቢያውን አንብብ።

ቲጂ፦ ኩላሊት ለመለገስ ዕድሜ ይወስናል?

መልስ፦ ሐኪም ጠይቂ።

ዮኒ፦ «ኦርጋኖን» ራሱስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ይቺን ስጠብቅ ነበር! ከ«ኤርጎን» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ሥራ ማለት ነው። «ኢነርጂ» ውስጥ አለ። «ሰርጀሪ» ሲፈታ የእጅ ሥራ ነው። የእንግሊዝኛው «ወርክ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጊዮርጊስስ? «ጌ» ምድር፣ «ኤርጎን» ሥራ፤ ምድርን የሚሠራ፣ ገበሬ።

ሚሚ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወታደር አልነበር እንዴ?

ኬቢ፦ ስም እኮ ነው፣ ሙያ አይደለም። ይልቅ በገና እያለ ኦርጋን ምን ይሠራል?

ዮኒ፦ እኛ ጋ ያለ ኦርጋን አይዘመርም!

ኬቢ፦ እሱማ ኪቦርድ ነው።

መልስ፦ የበገናውን ክርክር ሌላ ቦታ። ኬቢ ግን እዚህ ላይ ልክ ነው፤ እኛ ኦርጋን የምንለው ቧንቧ የለውም።

አቤል፦ ጋዜጣን «የፓርቲው ኦርጋን» ይሉታል። ለምን?

መልስ፦ የፓርቲው መናገሪያ መሣሪያ ስለሆነ። እኛስ «ልሳን» እንል የለ? እሱም ምላስ ነው።

ቲጂ፦ ስለ ቃሉ ትንሽ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ የቱን? የአካሉን? የሙዚቃውን? ከላይ ተጽፏል፣ ቲጂ።

አቤል፦ ኦርጋኒክ ቡናስ?

መልስ፦ ድሮ ኬሚስቶች «ኦርጋኒክ» የሚሉት ሕይወት ካለው አካል የሚገኘውን ነበር። በ1828 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር ሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ ያለ ኩላሊት ላብራቶሪ ውስጥ ሠራ። ስሙ ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም ዩሪያ ለኬሚስቱ ኦርጋኒክ ናት። የኦርጋኒክ ቡና ማሳ ላይ ግን የፋብሪካ ዩሪያ መበተን ክልክል ነው።