እንጀራችንና የራሳችን ሥራ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ፎቶ አንሺዎች ጥያቄና መልስ

ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ሠርግ፣ ምርቃትና ጉርድ ፎቶ እያነሣሁ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ጎን ለጎን ማንም ያላዘዘኝን ፎቶም አነሣለሁ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ።

ጋሼ፣ ከጥምቀት በኋላ ሠርግ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሠርግ፣ ከዚያ ምርቃት። ለራሴ የማነሣበት ቀን ከየት ይምጣ? (ከሙጋድ)

አብሽር ወንድሜ። መልሱ ጥያቄህ ውስጥ አለ፤ ሥራችን ወቅት አለው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የሙስሊሙ ድግስ ይቆማል። ሁለቱ ጾሞች በተገጣጠሙ ዓመት የደሴ ፎቶ ቤት ሁሉ ጭር ይላል። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ገበያ ጠፋ እያልን በር ላይ ቆመን እናሳልፈዋለን። በእኔ እምነት ከዓመቱ ሁሉ የሚሻለው ጊዜ እሱ ነው። መስከረም ላይ አዲሱን የቀን መቁጠሪያ ስትሰቅል፣ አንድም ቀብድ ሳትቀበል፣ የራስህን ቀናት ቀድመህ አክብባቸው። ረመዳን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ስለሚቀድም ያምናውን ዓመት ቀን አትገልብጥ።

ክረምቱንም አትናቀው። ጦሳ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኖ ሳለ ከተማው ውስጥ የሚገኘው ለስላሳ ብርሃን በጥር ፀሐይ አይገኝም።

የሠርግ ሥራ ዐይኔን እያደነዘዘው ይመስለኛል። ተመሳሳይ አቋቋም፣ ተመሳሳይ ፈገግታ። እርስዎስ እንዴት አልሰለቸዎትም? (ከሆጤ)

በዚህኛው ላይ ረዘም ብል ፍቀድልኝ፤ የጉዳዩ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የማሊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተ። እንደኛው ደንበኛ እየመጣ፣ እየከፈለ የሚነሣበት ቤት ነበር። ከጀርባ የሚዘረጋው መጋረጃ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ዛሬ እነዚያ የደንበኛ ፎቶዎች በታላላቅ ሙዚየሞች ይታያሉ። በዚያችው ከተማ ይሠራ የነበረው ማሊክ ሲዲቤም በጭፈራ ቤትና በስቱዲዮ ወጣቶችን እያነሣ ኖሮ በ2007 ቬኒስ ቢየናሌ በተባለው የጣሊያን የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ የዕድሜ ልክ የወርቅ አንበሳ ተሸለመ። ሁለቱም እንጀራቸውንና የልባቸውን ሥራ በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ቤት ሠርተዋል።

ስለዚህ ከሠርግ ሸሽተህ የምትሠራውን ብቻ ፈልገህ አትድከም፤ ሠርጉ ውስጥ ማንም ያላዘዘህን ፈልግ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙ ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ ለብቻ ያሳርዳል፤ ክርስቲያኑም ለሙስሊም ጎረቤቶቹ እንዲሁ ያደርጋል። በአንድ ግቢ ሁለት ማብሰያ፣ ሁለት ምድጃ። እኛ ሙሽሮቹን ስናሳድድ ይህን ማን ያነሣዋል? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ዳሱ ጓሮ ግባ። ጭሱ በአንዲት አምፖል ብርሃን ይወጣል፤ ወጥ የምታማስለው እናት እጇ በርበሬ ስለነካ ዐይኗን በክንዷ ትጠርጋለች። ከወዲያኛው ምድጃ ጎረቤቷ ውሃ ታቀብላታለች። ይህን በአንድ ሠርግ አትጨርሰውም። ሦስት ወቅት ሙሉ ብታነሣው ግን ሌላ ቦታ ያለ ሰው ሊያነሣው የማይችል ሥራ ይኖርሃል። ያን ሌሊት የምትገባው ደንበኛው ስለጠራህ መሆኑንም ልብ በል፤ ያለ ሠርጉ ሥራ ያ ጓሮ አይከፈትልህም። ሴቶቹን ግን አስቀድመህ አስፈቅድ፤ ሙሽሪት ስትወጣ ደግሞ የተከፈለህ ለእሷ ነውና ቦታህ ላይ ተገኝ።

ኮምቦልቻ ለፋብሪካዎች የምርት ፎቶ አነሣለሁ። ክፍያው ጥሩ ነው፤ እኔ የምወደው ግን የባቲን ገበያ ነው። ሥራውን ልተወው?

አትተወው። የፋብሪካው ክፍያ ነው ባቲ የሚያደርስህ። ገበያው ሰኞ ነው፤ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማልደህ ከወጣህ ትደርሳለህ። ከፋብሪካው ጋር ስትዋዋል በወር አንድ ሰኞ እንደማትገኝ ከመጀመሪያው ንገራቸው። ቀድሞ የተነገረ ነገር አያጣላም። ባቲ ስትደርስም መጀመሪያ ካሜራውን ከቦርሳ አታውጣ። አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ለግብይት ነው የመጣው። ሻይ ጠጣ፣ ሰላም በል፣ የሚቀጥለውም ወር ተመለስ።

ለአንድ ሆቴል ያነሣሁትን ፎቶ በዐውደ ርእይ ላሳይ ብል «የእኛ ንብረት ነው» ተባልኩ። ያነሣሁት እኔ አይደለሁ? (ከፒያሳ)

አንሺውስ አንተ ነህ፤ ሕጉ ግን ውልህን ይጠይቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሌላ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የአዛዡ እንደሆነ ይደነግጋል። መፍትሔው በውሉ ላይ የምትጨምረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ፎቶ አንሺው ፎቶዎቹን በዐውደ ርእይ፣ በመጽሐፍና በራሱ የሥራ ማሳያ የመጠቀም መብቱ የተጠበቀ ነው።» ቀብድ ስትቀበል አስፈርም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚፈርም የለም። የፎቶግራፍ ጥበቃ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ስለሆነ ቀኑን መመዝገብም አትርሳ።

የሰው ፎቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት ያለ ሰውየው ፈቃድ ፎቶውን ለሕዝብ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም። በአደባባይ የተደረገ በዓልን የመሰለ ነገር ይለያል፤ የሙሽሪት ጓዳ ግን አደባባይ አይደለም።

«ማስታወቂያ ይሆንልሃል» እያሉ በነጻ የሚያሠሩኝን ምን ልበላቸው?

ዋጋህን ንገራቸው። በነጻ የምትሠራው አንተ የመረጥከውን ብቻ ይሁን።

ለግል ሥራዬ ሌላ ካሜራ ልግዛ?

አያስፈልግም። ሌላ የማስታወሻ ካርድና ሌላ ሃርድ ዲስክ ግን ግዛ። የራስህ ፎቶ ከሠርግ ፎቶ ጋር በአንድ ማኅደር ከተቀላቀለ ደንበኛ በተጣደፈ ቀን አብሮ ይሰረዛል። ሌንስ ካሻህ 35 ሚሊ ሜትር የሆነች አንዲት ቋሚ (ዙም የሌላት) ሌንስ ትበቃለች።

በሐረጎ ቁልቁለት ለምትመላለሱም አንድ ነገር ልጨምር። በብርዱ ደሴ ያደረ ካሜራ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ላይ ድንገት ከቦርሳ ሲወጣ ሌንሱ ላይ ላበት ይቋጥራል። ቦርሳውን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት። በጨርቅ ብትጠርጉት ተመልሶ ይመጣል፤ ሌንስ እየፈታችሁ ብትሞክሩ ደግሞ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ።

እናቴ «ትርፍ የሌለው ነገር ላይ ጊዜሽን አታባክኚ» ትለኛለች። ምን ልመልስላት? ደግሞስ በምን ልጀምር? (ከሮቢት)

እናትሽ የምትፈራው የቤት ኪራዩን ነውና በኪራዩ መልሺላት። ከእያንዳንዱ ሠርግ ትንሽ ገንዘብ ለይተሽ አስቀምጪ፤ የግል ሥራሽ ትራንስፖርትና ሕትመት ከዚያ ብቻ ይውጣ። ገንዘቡ ካለቀ እስከሚቀጥለው ሠርግ ጠብቂ። እንዲህ ከሆነ የቤቱ ወጪ አይነካም፤ እሷም በዐይኗ ታየዋለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሐይቅ እስጢፋኖስን ወይም አይጠየፍ አዳራሽን አትምረጪ፤ በየሰዉ ስልክ ውስጥ አሉ። በእግርሽ የምትደርሺበትን፣ መጨረሻ ያለውን ነገር ያዢ። እዚሁ ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡትን ሰዎች ብቻ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ብርሃን ብቻ አንሺ። 20 ጥሩ ፎቶ ሲሞላልሽ አቁሚና አሳትሚ። የመጀመሪያውን ቅጂ ራሳቸው ለተነሡት ሰዎች ውሰጂላቸው። አንዱን ደግሞ እናትሽ ሳሎን ስቀዪው፤ እንግዳ ሲጠይቃት ምን ብላ እንደምትመልስ አዳምጪና ጻፊልኝ።