ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለው ትንሽ እባብ፦ ለጅማዋ እህታችን

እህቴ፣ ፎቶውን አይቼዋለሁ። ማታ ዝናቡ ሲያባራ ከቡና ገለባው ክምር ስር የወጣ ባለ ቀለበት ቀጭን እባብ ነው። «የኮብራ ልጅ ይሆን? ለልጆቼ ፈራሁ» ብለሻል።

የኮብራ ልጅ አይደለም፤ ዘመዱ ግን ነው፣ መርዝም አለው። ኤላፕሶይዲያ የሚባለውን ወገን ይመስላል። ይህ ወገን ያለው አፍሪካ ውስጥ ብቻ ሲሆን ከኮብራና ከማምባ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ብዙ ዝርያዎች አሉት። በ1949 እ.ኤ.አ. የተሰየመው ኤላፕሶይዲያ ሎቨሪጂ እኛም አገር ይገኛል።

እኔም ጅማ ቡና ውስጥ ነው ያደግኩት። እንዲህ ዓይነቱን የማየው ሲመሽ፣ መሬቱ ሲርስ ነው። ቀን ቀን አፈር ውስጥ ወይ ግንድ ስር ይተኛል። እንሽላሊትና እንቁራሪት፣ አንዳንዴም ሌላ እባብ ይበላል። ዝግ ያለ ነው፤ ሰው ካልያዘው ወይ ካልረገጠው አይነክስም ማለት ይቻላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሰፈር ውስጥ «ቀለበት ከሌለው አትፍራው» ሲባል እሰማለሁ። ይሄ በጣም አደገኛ ምክር ነው! የዚህ እባብ ቀለበት ደምቆ የሚታየው በልጅነቱ ነው። ሲያድግ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ትልቁ ወጥ ጥቁር ሊመስል ይችላል። ደግሞ አትራክታስፒስ የሚባል ወጥ ጥቁር እባብ አለ፣ እሱም አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው። ጥርሱን አፉን ሳይከፍት ወደ ጎን ያወጣል። ስለዚህ አንገቱን የያዘውን ሰው እንኳ ይወጋል። ልጆችሽ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን እባብ በእጃቸው እንዳይነኩ ንገሪያቸው።

ኤላፕሶይዲያ ሲነክስ ሕመምና እብጠት ያመጣል፣ አፍንጫም ሊያፍን ይችላል። ሰው መግደሉ አልተመዘገበም። ቢሆንም የነከሰው የትኛው እንደሆነ እየገመታችሁ ጊዜ አታጥፉ፤ ቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። ቀለበትና አምባር ቶሎ ይውለቅ፣ የተነከሰው እጅ ወይ እግር አይንቀሳቀስ። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ ሁሉም ይቅር።

ገለባውን ከቤቱ ግድግዳ አርቂው። ስታገላብጪው በመንሽ ይሁን፣ ቦቲ ጫማም አድርጊ። ማታ ያለ ባትሪ አትውጡ። ቤት ከገባ ልጆቹን አርቂና በር ክፈቺለት፤ ከራቅ ብለሽ በረጅም መጥረጊያ ወደ ውጭ ግፊው።