ስኪውን ከመቀየርህ በፊት ከስሩ እይ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነገር ላይ ናቸው፤ የበረዶ ሞተር ሳይክል የፊት ስኪ። ለነገሩ አዲስ ለሆናችሁ በአጭሩ እንዲህ ነው። ይሄ ሞተር ሲጀመር የጭቃ ሞተር ሳይክል ነው። የፊት ጎማው ይወጣና በረዶ ላይ የሚንሸራተት አንድ ስኪ ይገባለታል፤ የኋላው ጎማ ይወጣና ረጅም የጎማ ሰንሰለት ይገባለታል። በአንድ ስኪ ስለሚሄድ ባለሁለት ስኪው ስኖሞቢል እንደሚያደርገው ሳይሆን እንደ ሞተር ሳይክል እየተጋደመ ይታጠፋል። ደስታው እዚያ ላይ ነው። ግን የመሪው ነገር ሁሉ የቆመው በዚያች በአንዷ ስኪ ላይ ስለሆነ እሷ ስትታመም ሌላ የሚያግዝ የለም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰው በሄደበት፣ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ስነዳ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ይደርሳል። አሮጌ ዱካ ካገኘ ስኪው ዱካውን ተከትሎ ይሄዳል፤ እኔ ወደ ቀኝ ስል እሱ ወደ ግራ ነው። አዲስ በረዶ ላይ ግን ምንም አይልም። ጓደኞቼ ሰፊ ስኪ ግዛ እያሉኝ ነው። ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገና አትግዛ። የመልሱ ግማሽ ራስህ በጻፍከው ውስጥ አለ። አዲስ በረዶ ላይ ምንም አይልም ብለሃል። ሰፊ ስኪ የሚጠቅመው ደግሞ እዚያው አዲስ በረዶ ላይ ነው፤ ስፋቱ እንዳይሰምጥ ያንሳፍፈዋል። አንተ የተቸገርከው ጠንካራ በረዶ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ዋናው ከስኪው ሆድ ስር ያለው ብረት ነው። ስለዚህ የሞተሩን ፊት ከመሬት አንሳና፣ በደንብ አስደግፈህ፣ ተንበርክከህ ከስሩ እይ።

በመሃል ርዝመቱን ተከትሎ ወደ ታች የወጣ ጉብታ አለ፤ ኪል ይባላል። ኪሉ ላይ በብሎን የታሰረው ቀጭን ብረት ራነር ነው። ራነሩ ላይ ደግሞ ካርባይድ የምትባል ስለታም ቁራጭ አለች። ጠንካራ በረዶና ግግር ላይ የምትነክሰው እሷ ናት። ካርባይዷ አልቃ ጠርዟ ከደነዘዘ ፊቱ አይነክስም፤ መሪውን ታጥፋለህ፣ ሞተሩ ግን ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ያንተ የተገላቢጦሽ ይመስላል። አንድ ጥልቅ ኪልና አንድ ስል ካርባይድ አሮጌ ዱካ ውስጥ ሲገቡ ዱካው እንደ ባቡር ሐዲድ ይይዛቸዋል።

ይሄ ባሕርይ ግን ሌላ ነገር ሲላላ በጣም ይብሳል፤ እኔ እስካየሁት ድረስም ጥፋቱ በብዛት የሚገኘው እዚሁ ነው። ፊቱ እንደተነሳ የስኪውን ጫፍ በአንድ እጅ፣ ጭራውን በሌላው ያዝና ወደ ጎን ነቅንቀው። ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች። መሪውን ሌላ ሰው ይያዝልህ። ኳ የሚል ነገር ከተሰማህ፣ ወይም ስኪው ሲንቀሳቀስ ስኪውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ማሰሪያ ብረት ዝም ካለ፣ ስኪውን የሚይዘው ትልቁ ብሎን ላይ ያለው ቦኮላ፣ ማለትም ብሎኑን የሚከበው ቀለበት፣ አልቋል ማለት ነው። እኔ አንድ ወቅት ሙሉ ከመሪው ጋር ስታገል ከርሜ፣ ምክንያቱ አንድ ያለቀ ቦኮላ ሆኖ አገኘሁት። ቦኮላውን ቀይር፣ ብሎኑ ራሱ ከተበላ እሱንም ቀይር፣ ግራሶ ቀባውና እሰረው። በውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ አንዴ ከተፈታ የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ አዲስ አድርግበት።

ከዚያ በማሰሪያው ብረትና በስኪው መሃል ያለውን የጎማ ቁራጭ እይ። ብዙ ሰው ረስቶት ነው የሚኖረው። ስኪው በብሎኑ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳሻው እንዳይወዛወዝ የሚይዘው እሱ ነው። ደህና ጎማ ያለው ስኪ ከመሬት ሲነሳ ጫፉ ትንሽ ቀና ይላል። ጎማው ከተጨፈለቀ ወይም ከተሰነጣጠቀ ጫፉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ስትነዳም ክብደቱ ወደ ስኪው አፍንጫ ይሄዳል። ካርባይዱ ከመሪው ማዞሪያ መስመር ፊት ለፊት ላይ ሲነክስ መሪው ቁንጥንጥ ይሆናል፤ ከኋላ ሲነክስ ግን ራሱን እያቀና ይሄዳል። ለዚህ ነው አንድ ያረጀ ጎማ ሞተሩን በሙሉ የሚያበላሸው። አዲስ ጎማ አስገብተህም ጫፉ ካልቀና፣ ከጎማው የኋላ ጫፍ ስር ቀጭን ጠንካራ ቁራጭ ጣልበት፤ የስኪው ጭራ ወደ ታች ይገፋል፣ አፍንጫው ይነሳል።

የፊት አሞርዛተሮቹንም፣ ማለትም የሹካውን ሁለት እግሮች፣ አትርሳ። ስፕሪንጋቸው በስኪው ቦታ ለነበረው ለፊት ጎማ የተሠራ ነው፤ ስኪውና ማሰሪያው የጨመሩትን ክብደት አያውቅም። ስትቀመጥበት ፊቱ በጣም የሚሰምጥ ከሆነ ክብደቱ ሁሉ ኪሉ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ዱካ መከተሉ ይብሳል። ጠንከር ያለ ስፕሪንግ እውነተኛ ማሻሻያ ነው፤ ከሚያብረቀርቅ አዲስ ስኪ በፊት እሱን እመርጣለሁ።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ዱካ የሚከተል ከሆነ፣ ያኔ ሁለት ራነር ጎን ለጎን የሚይዝ ስኪ ፈልግ። አንዱ ብረት ዱካው ውስጥ ቢገባ ሌላው ከውጭ ስለሚቀር ስኪውን አያሰምጠውም። የሚያስከፍልህ ነገር አለ፤ ሁለት ብረት ስለሚነክስ መሪው ይከብዳል፣ ቀኑን ሙሉ ስትነዳ ትከሻህ ይሰማዋል። በተረፈ ስትነዳ መሪውን አንቀህ አትያዝ። ጋዝ አትልቀቅ፣ ክብደትህን ትንሽ ወደ ኋላ አድርግ። ጋዝ ድንገት ስትለቅ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄዶ ስኪው ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ ድንጋይ ላይ ወጣሁና ስኪዬ ከራነሩ ብሎን ቀዳዳ ጀምሮ ወደ ጎን ተሰነጠቀ። በጠንካራ ኢፖክሲ አጣበቅኩት፣ በነጋታው ተላቀቀ። ምን አጥፍቼ ነው? ይበየዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያጠፋሽው የለም። ሙጫው እንዲይዝ ያልተሠራ ነገር ላይ ነው የቀባሽው። እነዚህ ስኪዎች በብዛት የሚሠሩት ከፖሊኤትሊን ፕላስቲክ ነው፤ ጥሩዎቹ ደግሞ በጣም ረጅም ሞለኪውል ካለው ዓይነት። በበረዶ ላይ እንዲህ የሚንሸራተተው ምንም ነገር ስለማይጣበቅበት ነው። በረዶ ካልተጣበቀበት ሙጫም አይጣበቅበትም።

ብየዳውን በተመለከተ፣ ተራ ፖሊኤትሊን ከሆነ በራሱ ዓይነት ዘንግና በሙቅ አየር ይበየዳል። ያ ረጅም ሞለኪውል ያለው ግን ያስቸግራል። 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ነገር ግን እንደ ሌላው ፕላስቲክ ቀልጦ አይፈስም፤ እንደ ማስቲካ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ የተበየደ ይመስላል፣ ከውስጥ ግን አልተያያዘም። እኔ ፊት ለፊት የሚመታ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ብየዳ አላምንም።

የሚሠራው ይሄ ነው። መጀመሪያ ስንጥቁ የት እንደሚያልቅ በደንብ አጥቢና ፈልጊ፤ ጥቁር ስኪ ላይ በነጭ እርሳስ ማሻሸት ይረዳል። ጫፉ ላይ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሺ። ስንጥቅ የሚሮጠው ጫፉ ስል ስለሆነ ነው፤ ክብ ቀዳዳ ሲገጥመው ይቆማል። ከዚያ ከላይ በኩል ስንጥቁን የሚያሻግር የአሉሚኒየም ቁራጭ አድርጊና በብሎን እሰሪው፤ የብሎኑ ጭንቅላት ከስር በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀበር፣ አለበለዚያ በረዶውን ያርሳል። ሰፊ ሮንዴላ ተጠቀሚ። ዳዶውን ግን አታንቂው፤ ፕላስቲክ ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ መጀመሪያ ላይ ያነቅሽው ብሎን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ላልቶ ታገኚዋለሽ። በልክ እሰሪና ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ደግመሽ አጥብቂ።

ይሄ ጥገና ጎን ላይ ላለ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ትልቁ ብሎን ወደሚያልፍበት ቦታ ከሄደ፣ ወይም ኪሉን አቋርጦ ከወጣ፣ እባክሽ ቤትሽ እስክትደርሺ ብቻ ተጠቀሚበት። ያ ቦታ በፍጥነት ላይ ከተላቀቀ ከሞተሩ ፊት የሚመራሽ ምንም ነገር አይቀርም። ስኪ ይገዛል።

ሆዱ ላይ ያሉት ጭረቶች ግን አያሳስቡሽ። ፀጉር የመሰለውን ትርፍራፊ በስለታም ቢላ ከጫፍ ወደ ጭራ ፋቂው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ጉቶ መታሁ። ስኪው ምንም አልሆነም፣ ግን መሪው ቀጥ ሲል ስኪው ወደ ግራ ያያል። ሹካው ታጠፈ ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል፤ አትደንግጥ። ስኪው ረጅም ነው። ጫፉ በጎን ሲመታ ሹካውን እንደ ፌሮ ነው የሚጠመዝዘው፤ ቀድሞ የነበረው 21 ኢንች የፊት ጎማ እንዲህ ያለ ጉልበት አያመጣም። በብዛት የሚሆነው ሁለቱ አሞርዛተሮች በማሰሪያቸው ውስጥ መንሸራተታቸው ነው። የፊቱን ፔርኖ (በሹካው ሁለት እግሮች ግርጌ የሚያልፈውን ዘንግ) እና የታችኛውን ማሰሪያ ብሎኖች አላላ፣ የላይኛውንም ትንሽ ላላ አድርግ። መሪውን ጓደኛህ ይያዝ፣ አንተ ስኪውን ወደ ቦታው ጠምዝዘው። ከፊት ለፊት ቆመህ ሁለቱን አሞርዛተሮች በዓይንህ አስተያይ፤ አንዱ ሌላውን በትክክል መሸፈን አለበት። ሲስተካከል በአምራቹ መጽሐፍ ላይ ባለው ልክ እሰር። እንዲህ አድርገህም እምቢ ካለ፣ ወይም አሞርዛተሩ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ የሚይዘው ነገር ካለ፣ ያኔ ቱቦው ታጥፏል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፤ በፍጥነት አልነዳም። ራነሩን በየስንት ጊዜው ነው መቀየር ያለብኝ? ወደ በረዶው ለመድረስ አስፋልት ማቋረጥ ግዴታዬ ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ በጊዜ ሳይሆን በዓይን ነው የሚለካው። አንድ ወቅት ሙሉ ለስላሳ በረዶ ላይ የቆየ ራነር አዲስ ይመስላል፤ አንድ ቀን ጠጠር ላይ የዋለ ደግሞ ያልቃል። የብረቱ ውፍረት በግማሽ ከቀነሰ ይቀይሩት። ከዚያ ካለፈ ወደ ላይ የሚወጡት ብሎኖች የተበየዱበት ቦታ ይበላና ራነሩ መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ኪሉ ራሱ መፋቅ ይጀምራል፣ ኪል ደግሞ አይተካም። ካርባይዱ ላይ ደግሞ ጣትዎን ሳይሆን ጥፍርዎን ያስኪዱ፤ ጥፍሩን የማይፍቅ ከሆነ ደንዝዟል። ተሰባብሮ ከሆነም እንዲሁ። ካርባይድ ከብረት እጅግ የጠነከረ ነው፣ ግን ተሰባሪ ነው፤ ድንጋይ ሲመታ አይታጠፍም፣ ይሸረፋል።

አስፋልቱን ሲያቋርጡ ቀጥ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ መሪውን ሳያዞሩ ይለፉ። ቆሞ መሪ ማዞር ነው ካርባይዱን የሚጨርሰው። ከቻሉ የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ ጣል አድርገውበት ይለፉ።

አዲስ ራነር ሲያዙ የስኪውን ስም ይናገሩ እንጂ የሞተሩን ብቻ አይናገሩ። ሞተሩን አንድ አምራች፣ ስኪውን ሌላ አምራች ሊሆን ይችላል የሠራው፤ ለምሳሌ ቲምበርስሌድ የተባለው አምራች ስኪ ላይ የሚገባው የብሎን ርቀት «የቲ» የተባለው አምራች ስኪ ላይ ላይገባ ይችላል። ጥርጣሬ ካለዎት አሮጌውን ይፍቱና ከብሎን እስከ ብሎን በሜትር ይለኩ።

ማታ ሲያቆሙትም ስኪውን እርጥብ በረዶ ላይ አይተዉት። ሁለት እንጨት ከስሩ ያስገቡ። ከመሬት ጋር ተጋግሮ ያደረን ስኪ ጠዋት በመሪው ጎትቶ ማላቀቅ ጎማውንም ቦኮላውንም ይጎዳል።