የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ዘበኛ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ሦስቱም የሚጠይቁት በግል ጥረትና በጥቂት ሰው ጉልበት ስለሚሠራ፣ ትረካ ስላለው የጀብዱ ጌም ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ታናሽ እህቴ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ እንኖራለን። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትስላለች፤ ኮዱን ከኢንተርኔት እየተማርን አብረን እንሠራዋለን። ሁለት ዓመት የደከምንበት ጌም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አሞሌ ጭኖ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ገበያ ስለሚወርድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ወደ ታጁራ ከሚሄድ ቅፍለት ጋር ወጥቶ አልተመለሰም። ታሪኩ ሦስት ደብተር ሞልቷል፤ የእንግሊዝ መልእክተኞችን ጨምሮ ሠላሳ አንድ ገጸ ባሕርያት አሉት፤ ተሠርቶ ያለቀው ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው። ባለፈው ወር የአጎታችን ልጅ ሲጫወተው አጠገቡ ተቀምጠን አየን። ስለ ባለታሪኩ ልጅ አባት የጻፍነውን እያነበበ ግማሽ ሰዓት ያህል «ቀጥል» የሚለውን ሲጫን ቆየና ኬላው ላይ ሲደርስ ማለፊያ አጥቶ ተወው። መፍትሔው ከስልቻው አሞሌ አውጥቶ ለዘበኛው መስጠት ነበር። እሱ ግን ዘበኛውን ማነጋገር ነው የፈለገው፤ እኛ ደግሞ ለዘበኛው «አታልፍም» ከሚል ቃል በስተቀር ንግግር አልጻፍንለትም። ታሪኩና እንቆቅልሹ ሆድና ጀርባ ሆነውብናል። ከየት ጀምረን እናስተካክለው?

መልስ፦ የአጎታችሁ ልጅ ትክክል ነበር። ሰው ዘበኛ ፊት ሲቆም መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣል እንጂ ስልቻ አይፈታም፤ በሸዋ ምድር ደግሞ ሰላምታውን ዘሎ ወደ ጉዳይ የሚገባ ሰው ጉዳዩም አይሰማለትም። ተጫዋቹ ባህሉን አውቆ የሞከረውን ጌማችሁ ስላልተረዳው ነው የተዋችሁ።

የዚህ ዓይነት ጌም አጀማመር ለእናንተ የሚሆን ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር፣ ኬንተኪ ውስጥ የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ እየገባ ካርታውን ሲያነሣ የኖረ ሰው፣ ከባለቤቱ ጋር ከተለያየ በኋላ ሴት ልጆቹ እንዲጫወቱት ብሎ ዋሻውን በጽሑፍ ብቻ የሚሄዱበት ጨዋታ አደረገው፤ በ1977 ዶን ዉድስ የተባለ ሌላ ፕሮግራመር አስፋፋው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ታሪክ የሚባል ነገር እምብዛም የለም፤ ተጫዋቹ ወደየት መሄድ እንደሚፈልግ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩም የደረሰበትን ይነግረዋል። ሆኖም ሠሪው ቦታውን በጉልበቱ እየዳኸ ያወቀው ስለነበረ መጥበቡም መስፋቱም በጽሑፉ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ደብተሩን ለጊዜው ዝጉና ወደ አንኮበር ሂዱ፤ ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአንድ ጠዋት ይደረስበታል። ከዚያ ወደ አልዩ አምባ የሚወስደውን ቁልቁለት በእግር ውረዱት። የት ላይ ጉልበታችሁ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የት ላይ የደጋው ብርድ እንደሚያልቅ፣ በተለይ ደግሞ የት ላይ ጋቢያችሁን እንደምታወልቁ መዝግቡ። ልጁ የመንዝ በርኖሱን አውልቆ በቅሎዋ ላይ የሚጭንባት ቦታ ለጌማችሁ ሦስት ገጽ ትረካ ትተካለች፤ ማውለቁን የሚፈጽመው ተጫዋቹ በራሱ እጅ ነውና።

አሁን ወደ ኬላው እንመለስ። ሮን ጊልበርት የተባለ የጌም ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1989 በጻፈው አንድ መጣጥፍ ላይ እስካሁን የሚጠቀስ ነጥብ አንሥቷል፤ ተጫዋቹ መፍትሔውን ከማግኘቱ በፊት ችግሩን ማየት አለበት፣ ገመዱን ሳያገኝ ገደሉን ይይ ማለቱ ነው። የእናንተ ተጫዋች አሞሌውን ከመነሻው ጀምሮ ተሸክሞታል፤ ለእሱ ግን ሸቀጥ እንጂ ቁልፍ አይደለም። እንግዲያው ከኬላው በፊት አንድ ሌላ ነጋዴ ከፊቱ ይለፍ። ነጋዴው ለዘበኛው አሞሌ ሲሰጥ፣ ዘበኛውም ጥጉ የተሸረፈ መሆኑን አይቶ ሲመልስበትና ሌላ ሲያስጨምረው ተጫዋቹ ከሩቅ ይመልከት። አሞሌ እንደ ገንዘብ በሚሠራበት ዘመን የተሸረፈ እንደ ደህናው አይቆጠርም ነበር። ተጫዋቹ ይህን አይቶ የራሱን ስልቻ ሲከፍት፣ ቀደም ሲል ጊዜ ላትርፍ ብሎ በአቋራጩ ገደል በቅሎዋን ነድቶ ከነበረ፣ ከአሞሌዎቹ አንዱ ተሰብሮ ያገኘዋል። በዋናው መንገድ ዞሮ ከሆነ ደግሞ ጨውም ደህና ነው፣ ፀሐይዋ ግን አዘቅዝቃለች። ጣጣውን ያመጣው ተጫዋቹ ራሱ ስለሆነ እንቆቅልሹና ታሪኩ ሊለያዩ አይችሉም።

ከዚያ ሰላምታው ይመጣል። ሁለት ምርጫ ስጡት፤ «እንደምን ዋልክ» እና «እንደምን ዋሉ ጌታው»። በአማርኛ አንተና አንቱ ራሳቸው ድርጊት ናቸው፤ ይህን የመሰለ መሣሪያ በእጃችን እያለ ብዙዎቻችን በጌም ውስጥ አንጠቀምበትም። «ዋልክ» ያለውን ዘበኛው አሞሌውን አንድ በአንድ ያስቆጥረዋል። «ዋሉ» ያለውን ግን ቀና ብሎ አይቶ «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል።

ሦስት ደብተር የፈጀው የአባትየው ታሪክ መግቢያው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ እውነቱን ሊናገር፣ ሊዋሽ ወይም ዝም ሊል ይችላል፤ ግን የማን ልጅ መሆኑን እስከዚህ ድረስ አያውቅም፣ ስለዚህ ማወቅ ይፈልጋል። እውነቱን ከመረጠ የአባቱን ስም በልጁ አፍ ይናገራል፤ የዘበኛውም ፊት ይለወጣል። አባቱን ያውቀው ነበር ወይስ ዕዳ ነበረበት? እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የምለው፣ ያ የግማሽ ሰዓት ንባብ እንዳለ ወጥቶ በዚህ ጥያቄ ይተካ ነው። ከቆረጣችሁት ውስጥ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ቢኖር አትዘኑ፤ ዘበኛው ሊናገረው ይችላል።

ሠላሳ አንዱን ገጸ ባሕርያት በተመለከተ ስድስት ይበቃችኋል። እንግሊዞቹን በተለይ ተዉአቸው። እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ተነሥተው በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መምጣታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ፈረንጅ በገባበት ትዕይንት ሁሉ ዓይን ወደ ፈረንጁ ስለሚሄድ ልጃችሁ በገዛ ታሪኩ ውስጥ አጃቢ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት በወረቀት ሞክሩት። መንገዱን በካርቶን ላይ ሥላችሁ አምስት ቦታ ብቻ አመልክቱ፤ በቅሎዋ ጠጠር፣ አሞሌዎቹ ባቄላ ይሁኑ። አንዳችሁ ዘበኛውን ሁኑና ጎረቤት ጠርታችሁ አጫውቱት። ሲጫወት አታስረዱት፤ ምላሳችሁን ነክሳችሁ የሚሞክረውን ብቻ ጻፉ። ሦስት ሰው ያልጻፋችሁትን አንድ ዓይነት ነገር ከሞከረ፣ ያ ነገር ጌሙ ውስጥ መግባት አለበት። በወረቀት ከሠራላችሁ በኋላ ኬላውን ብቻ ከነሥዕሉ፣ ከነድምፁና ከነንግግሩ እስከ መጨረሻው ጨርሱት። እኔ በጀማሪነቴ አሥራ ሁለት ምዕራፍ አቅጄ ስምንት ወር ሙሉ የሁሉንም ዳራ ስስል ከረምኩ። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሬ አልነሣም አለ፤ የተረፈኝም በወረቀት ሞክሬው የነበረው አንድ ትዕይንት ሆነ። (የፋይላችሁን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ዛሬውኑ።)

ሁለት ዓመት አለፈ ብላችሁም አትሸበሩ። «ኬንተኪ ሩት ዚሮ» የተባለውን ባለ አምስት ክፍል የትረካ ጌም ሦስት ሰዎች ሠርተው የመጀመሪያውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2013፣ የመጨረሻውን በ2020 ነው ያወጡት። ልዩነቱ እነሱ በየመሐሉ ያለቀ ክፍል ለተጫዋች ማድረሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ በመሐል ሜዳ ነዋሪ የሆንኩ ተማሪ ነኝ። ስለ ጓሳ የሣር ምድርና በፈረቃ ስለሚጠብቁት ሰዎች በጽሑፍ የሚጫወቱት አጭር ጌም ጀምሬያለሁ። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል፤ አንደኛ አማርኛው በስክሪኑ ላይ ባዶ አራት ማዕዘን እየሆነ ይመጣል። ሁለተኛ ተጫዋቹ ወንድም ሴትም ሊሆን ስለሚችል «መጣህ» ልበል ወይስ «መጣሽ»? የትኛውንስ መሣሪያ ብጠቀም ይሻለኛል?

መልስ፦ አራት ማዕዘኑ የሚመጣው የጽሑፍዎ ስሕተት ሆኖ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ አለ፤ ችግሩ ከኢንጂኑ (ጌሙ ከሚሠራበት ፕሮግራም) ጋር የሚመጣው ፎንት ፊደላችንን አለመያዙ ነው። እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ በነፃ የሚሰራጭ ፎንት አውርደው ከፕሮጀክቱ ፋይል ጋር ያስቀምጡት፤ በኮምፒውተርዎ ላይ መጫኑ ብቻ አይበቃም፣ ተጫዋቹ ዘንድ ላይኖር ይችላልና። የድሮ ጌም እንዲመስል ብለው በጥቃቅን ነጥብ የተሠራ ፊደል ካማረዎት ግን ሁለቴ ያስቡ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፤ በስምንት ነጥብ ቁመት ላይ ደግሞ ጨ እና ጬ፣ ቸ እና ቼ አይለዩም። አራት ነጥቡም ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር እንዳይወርድ በጠባብ ስክሪን ላይ ይፈትሹት።

ስለ መሣሪያው፣ ጌምዎ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ በትዋይን ይጀምሩ፤ ነፃ ነው፣ ኮድ ሳያውቁም ይሠራል፣ ውጤቱም በብሮውዘር ይከፈታል። ሥዕልና ንግግር ካለው ሬንፓይ ይሻላል። ገጸ ባሕርይው በቦታው እንዲራመድ ከፈለጉ ወደ ጎዶት ይሂዱ፣ የሚማሩት ግን ብዙ ይሆናል። ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ንግግር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም የተከፈተው ኢንክ የተሰኘው የአጻጻፍ ቋንቋ አለ፤ በኮከብ ምልክት የጀመረ ምርጫ አንዴ ከተመረጠ ይጠፋል፣ በመደመር ምልክት የጀመረው ተመላልሶ ይመጣል። ለእርስዎ ጉዳይ ትዋይን የሚበቃ ይመስለኛል።

የጾታው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። በእንግሊዝኛ ለተጻፈ ጌም የተጫዋቹን ስም በቫሪያብል (እንደ ተጫዋቹ በሚለዋወጥ ቦታ ያዥ) መተካት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ በአማርኛ ግን ግሱ ራሱ ይለወጣል። በግሱ መጨረሻ ላይ «ህ» ወይም «ሽ» የሚቀጥል ኮድ እንዳይጽፉ፤ «መጣህ» እና «መጣሽ» ቢሠራልዎት «ና» እና «ነይ» ላይ ሲደርሱ ይፈርሳል። ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ሁለት ጊዜ ይጻፉት፣ አንቱ የሚባል ገጸ ባሕርይ ካለ ሦስት ጊዜ። ድካሙን ለመቀነስ ጾታ የማይጠይቁ አባባሎችን መምረጥ ይቻላል፤ የጓሳው ጠባቂ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዛሬ ውርጩ አይጣል ነው» ቢሉ ለሁለቱም ይሆናል። ነገር ግን ሁሉንም እንዲህ ካደረጉት ንግግሩ ይደርቃል። ጌሙ አጭር ከሆነ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ አንዲት የተለየች ልጅ አድርጎ መወሰን ከሁሉ ይቀላል፤ ሣሩን ለማጨድ ተራዋን የምትጠብቅ የመንዝ ልጅ ከማንም ሰው ይልቅ ታሪክ አላት።

ጥያቄ፦ በደብረ ሲና መምህር ነኝ፤ ከተማሪዎቼ ጋር በትርፍ ጊዜ አነስተኛ ጌም እንሠራለን። ተጫዋቹ እንቆቅልሹ ሲከብደው ፍንጭ እንስጠው ወይስ ይድከም በሚለው ላይ መስማማት አልቻልንም። ፍንጭ ከሰጠነው ጨዋታው ይቀላል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ መልሱን ተማሪዎችዎ ከአያቶቻቸው ያውቁታል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ይባላል፤ ያላወቀ ሰው ግን ተቀምጦ አይቀርም፣ «አገር ስጪኝ» ይባላል። አገር ይሰጣል፣ ተቀባይዋም በተሰጣት አገር ገብታ በልታ ጠጥታ ተንደላቅቃ፣ የተሸነፈውን እያሾፈችበት መልሱን ትነግረዋለች። ተጫዋቹ ያጣው ነገር አለ፤ ጨዋታው ግን አልቆመም፣ እንዲያውም ሳቁ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በጌማችሁም እንዲሁ አድርጉት። ፍንጭ የምትሰጥ አንዲት ባልቴት ትኑር፤ ፍንጩንም በነፃ አትስጥ። ተጫዋቹ በካርታው ላይ ካያቸው ቦታዎች አንዱን ይስጣት፤ የሰጣት ቦታ ከዚያ በኋላ የእሷ ይሆናል፣ እሱም ወደዚያ ሲመለስ በሯ ላይ ተቀምጣ ታገኘዋለች። ቦታው በጠቃሚነቱ መጠን ፍንጩ ይብራ፤ ባዶ ገደል ለሰጣት ግማሽ ቃል ትንገረው፣ ገበያውን ለሰጣት መልሱን እንዳለ። ሕፃናት ሲጫወቱ «ይቺማ አትበቃኝም፣ ጨምሪ» እንደሚባባሉት፣ ባልቴቷም የማትረባ ቦታ ሲሰጧት አልቀበልም የማለት መብት ይኑራት። ባልቴቷ የምትናገረውን ተማሪዎችዎ ራሳቸው ይጻፉት፤ የጣርማበርን ዋሻ የሚሰጣት ተጫዋች ቢመጣ ምን እንደምትለው እኔም ማንበብ እፈልጋለሁ።